የመዝገቡ በር ለሁሉም ይከፈት
የድረ ገጽ የምዝገባ ቅጾችን ለምእመናን ሁሉ ምቹና ተደራሽ ስለ ማድረግ፣ ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ እንድንመክርበት ይዘን የቀረብነው ርእስ ከተለመደው የልማት አጀንዳችን ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ አብነት ተማሪዎች ምግብና መኝታ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። አሁን የምንነጋገረው ስለ ምዝገባ ቅጽ ነው። ይሁን እንጂ የውኃው፣ የሥልጠናውና የርዳታው ተጠቃሚ የሚሆነው ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ሰው ስለሆነ፣ ሥራችን ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ቅጽ ላይ ነው።

ጉዳዩን እንድናነሣ ያስገደደንን አጋጣሚ በማስቀደም እንጀምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአንድ የሙያ ሥልጠና ተመዝጋቢዎችን በድረ ገጽ እንድንቀበል ወሰንን። አሳባችን መልካም ነበር፤ ከሩቅ አጥቢያ የሚመጣ ሰው ቅጽ ለመውሰድ አንድ ቀን፣ ሞልቶ ለመመለስ ሌላ ቀን ከሚንከራተት ባለበት ሆኖ በስልኩ ይመዝገብ አልን። ቅጹ ተዘጋጀ፤ ማስታወቂያው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ተነገረ፤ ቦታዎቹም ቀኑ ሳይደርስ ሞሉ። እኛም በሪፖርታችን ላይ «ምዝገባው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ብለን ጻፍን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እኅት ነጭ በትራቸውን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጡ። ዓይነ ስውር ናቸው። የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ስሜ ለምን አልወጣም?» አሉን። መዝገቡን ገልጠን አየን፤ ስማቸው የለም። «አልተመዘገቡም» አልናቸው። እርሳቸው ግን በተለያየ ቀን አራት ጊዜ መሞከራቸውን ነገሩን። በእኛ ዘንድ የአንዱም ሙከራ ምልክት አልነበረም።

ያን ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጠን እንደገና እንዲሞክሩ ለመንናቸው። ስልካቸው በመስኮቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለው፤ መልእክት የሚያነቡትና የሚጽፉት በእርሱ ነው። እኛ ያዘጋጀነው ቅጽ ላይ ሲደርስ «ኤዲት ቦክስ» አለ። ጣታቸውን ወደሚቀጥለው ሲያሻግሩ አሁንም «ኤዲት ቦክስ» አለ። ሰባት ሣጥኖች ነበሩ፤ ሰባቱም «ኤዲት ቦክስ» ከመባል በቀር ስም አልነበራቸውም። የትኛው የስም፣ የትኛው የስልክ ቁጥር እንደሆነ የሚያውቅ ዓይን ያለው ብቻ ነው። በግምት ሞሏቸው። መጨረሻ ላይ የተጣመሙ ፊደላት ያሉበት ሥዕል መጣና የሚያዩትን እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ከዚያ ማለፍ አልተቻለም።

የዚያን ዙር ዕድል ልንመልስላቸው አልቻልንም። ሥልጠናው ተጀምሯል፤ መሣሪያውም ለተመዘገቡት ተከፋፍሏል። በተከታዩ ዙር ገብተው ተምረዋል፤ በመካከሉ ያለፈው ስድስት ወር ግን ያለ ሥራ የተቀመጡበት ጊዜ ነበር። ያን ስድስት ወር የወሰደባቸው ክፉ ሰው አይደለም። በቸልተኝነት የተሠራ አንድ ገጽ ነው፤ የገጹም ባለቤቶች እኛ ነን።

አባቶች፣ በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምናስበውን የመጻጉዕን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። 38 ዓመት በደዌ የኖረው ሰው ከመጠመቂያይቱ አልራቀም፤ ዳር ላይ ነበር። ውኃው በሚናወጥበት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚያወርደው ሰው ግን አልነበረውም፤ ሌላው ሁልጊዜ ይቀድመው ነበር። እኛም ሥልጠናና ርዳታ አዘጋጅተን መግቢያውን ፈጣንና ዐይናማ ለሆነ ሰው ብቻ ስናበጀው፣ ያንኑ ሰው በዳር ላይ እንደ መተው ይሆንብናል።

የድረ ገጽ ቅጽ ከወረቀት ቅጽ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። በወረቀት ጊዜ አንዲት እናት መሙላት ቢያቅታቸው ጸሐፊው ፊታቸውን ያያል፤ «ይምጡ እናቴ፣ ልሙላልዎት» ይላቸዋል። በድረ ገጽ ላይ ግን ያቃተው ሰው አይታይም። ገጹን ዘግቶ ይሄዳል፤ መዝገቡም ስለ እርሱ ምንም አይናገርም። ስለዚህ «ቅጹ ይሠራል፤ ቅሬታ ያቀረበ የለም» ማለት ማስረጃ ሊሆነን አይችልም። ቅሬታ የሚያቀርበው እስከ በሩ የደረሰ ሰው ነው።

ይህ ችግር በእኛ የተጀመረ አይደለም። የድረ ገጽ አሠራር ደንቦችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር የመጀመሪያውን የተደራሽነት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2008 ሁለተኛው እትም ወጣ፤ በ2023 ደግሞ 2.2 የተባለው ማሻሻያ ተከተለ። መመሪያው በአራት መሠረቶች ላይ ቆሟል፦ በገጹ ላይ ያለው ነገር በማየት ወይም በመስማት የሚደረስበት ይሁን፤ በጣትም፣ በቁልፍ ሰሌዳም፣ በሌላ አጋዥ መሣሪያም የሚሠራ ይሁን፤ ለአንባቢው የሚገባ ይሁን፤ በአሮጌውም በአዲሱም መሣሪያ የሚጸና ይሁን። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ ስለ ሕንፃና ስለ መንገድ ብቻ ሳይወሰን ስለ መረጃና ስለ ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂም ይናገራል።

እንግዲህ ቅጹን ፈትሸን ምን እንዳገኘንና ምን እንዳስተካከልን በየተራ እናቅርብላችሁ። ብዙው የኮምፒውተር ባለሙያ የማይጠይቅ፣ የሰበካ ጉባኤ አስተዋይነት የሚጠይቅ ሆኖ አግኝተነዋል።

አንደኛ፣ የምንጠይቀውን ማሳነስ። በቅጻችን ላይ የነበሩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያነሣን «ይህን መልስ ማን ያነበዋል? ምን ይወስንበታል?» ብለን ጠየቅን። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ማንም አያነበውም ነበር። የኢሜይል አድራሻ ግዴታ ነበር፤ እኛ ግን ሁሉንም የምንጠራው በስልክ ነበር። የትዳር ሁኔታን የጠየቅነው ከሌላ ቅጽ ስለ ተቀዳ ብቻ ነው። እነዚህን አወጣን። የሚቀሩትንም ግዴታ የሆኑትንና ያልሆኑትን ለይተን በቃል ጻፍን፤ ኮከብ ምልክት ብቻ አላደረግንም፤ የኮከቡን ትርጉም የማያውቅ ብዙ ነውና። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጁን የሚያስመዘግብ አባት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እንዲፈጥር ማስገደድም አያስፈልግም። ዛሬ የፈጠረውን የይለፍ ቃል ነገ ይረሳዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራችን የይለፍ ቃል ማደስ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስም። ከውጭ የተቀዱ ቅጾች «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት ሁለተኛ ስማቸው የተለያየ ነው፤ ቅጹ ግን አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን እንዲጠራጠር ተደርጎ ተሠርቷል። ወልደ ማርያም ወይም ገብረ መድኅን ብሎ በሁለት ቃል የሚጽፍ ሰው ሲገባ፣ ቅጹ ማርያምን የአባት ስም አድርጎ ይወስዳል፤ ወይም «ክፍት ቦታ አይፈቀድም» ብሎ ይመልሰዋል። ሊቀ ካህናት ወይም መምህር የሚለውን ማዕርግ፣ «ወ/ሮ» በሚለው ውስጥ ያለውን ሠረዝ የሚከለክልም አለ። ስለዚህ አንድ ሰፊ ሣጥን አዘጋጅተን «ሙሉ ስም እስከ አያት» አልን፤ የክርስትና ስም ለሚያስፈልገው አገልግሎት ብቻ ለብቻው ጠየቅን።

ከዚህ ጋር የፊደሎቻችን ጉዳይ አለ። ኃይሉ የሚባለውን አንዱ በብዙኃን ኀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሦስተኛው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ እንዲሁ ናቸው። መዝገቡ እነዚህን እንደ ልዩ ልዩ ሰው ከቆጠራቸው አንድ ምእመን ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ወይም ሲፈለግ ይታጣል። ባለቤቱ የጻፈው እንዳለ ተጠብቆ፣ ፍለጋው ግን ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲያይ ባለሙያውን እንጠይቅ። ቀላል ሥራ ነው፤ ካልተጠየቀ ግን አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ቀንና ዘመን። ብዙ ቅጾች የሚያውቁት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን የተወለደ ልጅ በእነዚያ ቅጾች ዘንድ አልተወለደም። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ 6 ቀን መሆኗን የማያውቅ ቅጽ ለቤተ ክርስቲያን መዝገብ አይሆንም። ከዚህ የከፋው ግን ቅጹ ሳይናገር የሚሠራው ስህተት ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በጥር 2018 ዓ.ም. 8 ዓመት ይሞላዋል። እናቱ «2010» ብለው ሲጽፉ ቅጹ የአውሮፓውያን ዘመን አድርጎ ከወሰደው፣ ልጁን የ16 ዓመት ጎረምሳ ያደርገዋል፤ ከ7 እስከ 12 ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ትምህርት ከሆነም «ዕድሜው አይፈቅድም» ብሎ ያሰናብተዋል። እናቱም ምን እንዳጠፉ አያውቁም። ስለዚህ ከሣጥኑ አጠገብ «በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር» ተብሎ ይጻፍ፤ በውጭ አገር ለሚኖሩት ደግሞ አማራጩ ይቀመጥላቸው። የልደት ቀናቸውን የማያውቁ አረጋውያን ዓመቱን ብቻ፣ ወይም ግምታዊ ዕድሜ እንዲጽፉ እንፍቀድ። ቀጠሮ ስንሰጥም «3 ሰዓት» ብቻ አንበል፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» እንበል። ሮም ወይም ዱባይ ያለ ሰው 3 ሰዓት ሲባል የሚያስበው ሌላ ነው።

አራተኛ፣ ስልክና አድራሻ። አንዱ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ ሌላው 251 ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው በቁጥሮቹ መካከል ክፍት ቦታ ይተዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ማስተካከል የመሣሪያው ሥራ ነው፤ ሰውየውን ማስጨነቅ አይገባም። በአንድ ስልክ አንድ ቤተሰብ የሚጠቀም ስለሆነም «ይህ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቧል» ብሎ ሁለተኛውን ልጅ መመለስ አይገባም። የቤት ቁጥር የሌለው ሰፈር ብዙ ነው፤ አጥቢያውንና የሰፈሩን ልማዳዊ መጠሪያ መጠየቅ ይበቃል።

አምስተኛ፣ በጆሮና በጣት ለሚያነቡ። ወደ እኅታችን ጉዳይ እንመለስ። ከእያንዳንዱ ሣጥን በላይ የተጻፈው «ሙሉ ስም»፣ «ስልክ ቁጥር» የሚለው መጠሪያ ለዓይን ቢታይም በገጹ ኮድ ውስጥ ከሣጥኑ ጋር ካልተያያዘ አንባቢው ፕሮግራም አያገኘውም። ባለሙያው በጥቂት ደቂቃ ያያይዘዋል። መጠሪያውን ሣጥኑ ውስጥ በደብዛዛ ቀለም መጻፍም ልማድ ሆኗል፤ መጻፍ ሲጀመር ግን ይጠፋል፤ መርሳት ያስቸገራቸው አረጋዊ ምን እየሞሉ እንደነበር ማየት አይችሉም። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑም በኮዱ ይገለጽ፤ ካልተገለጸ ፕሮግራሙ በሌላ ቋንቋ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል።

የፊደላችንም ነገር እዚህ ይገባል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ደብዳቤዎችና ማስታወቂያዎች እስከ ዛሬ በጽሕፈት ቤቶቻችን ኮምፒውተሮች ውስጥ አሉ። እነዚህን ቀድተን ገጽ ላይ ስንለጥፍ በአንዱ መሣሪያ አማርኛ መስለው ይታያሉ፤ በሌላው የላቲን ፊደል ዝብርቅ ይሆናሉ፤ አንባቢው ፕሮግራምም ያንን ዝብርቅ ያነባል። ማስታወቂያውን በፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ደግሞ ለዓይነ ስውሩ ባዶ ገጽ እንደ መስጠት ነው። በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ብቻ ነው መፍትሔው።

ለሚያዩትም ቢሆን፣ በነጭ ላይ በደብዛዛ ግራጫ የተጻፈ ቃል በፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን ለሚያይ አርሶ አደር አይታይም። መመሪያው ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው የድምቀት ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው። የምንጫናቸው ቁልፎችም ሰፋ ይበሉ፤ በሥራ የደነደነ ጣት በቀጭን መስመር ላይ አያርፍም። የተጣመሙ ፊደላትን ሥዕል አውጥተናል፤ ሰዎችን ከማሽን ለመለየት ለተመዝጋቢው የማይታዩ ሌሎች መንገዶች አሉ።

ልብ እንበል፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይናቸው ሳያይ ዜማውንና ንባቡን በቃላቸው ይዘው ለዐይናማው ያስተማሩ መምህራን ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ወንበር የሰጠቻቸውን ሰዎች የእኛ ቅጽ ከደጅ ሊመልሳቸው አይገባም።

ስድስተኛ፣ ስህተትን መናገር። ቅጻችን ስህተት ሲያገኝ ሣጥኑን በቀይ ያሰምርበት ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ምንም አይነግረውም። ሌላው ቅጽ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይገሥጻል። ስህተቱ ከሣጥኑ አጠገብ፣ በቃል፣ ከነመፍትሔው ይጻፍ፦ «የስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ጎድሎታል፤ እባክዎ 10 አኃዞች መሆናቸውን ይመልከቱ።» ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ስህተት ተገኘ ተብሎ የተሞላው ሁሉ አይደምሰስ። አንድ ሰዓት ለፍተው የሞሉት ሲጠፋባቸው ተመልሰው የሚሞክሩ ጥቂቶች ናቸው። በ2023 የወጣው ማሻሻያም በአንድ ምዝገባ ሂደት ውስጥ አስቀድሞ የተሰጠን መረጃ ሰውየው ደግሞ እንዲጽፍ ማስገደድን ይከለክላል። አንድ አባት ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ አኃዝ ቢጽፉልን «ቁጥር አይደለም» ማለት ለእኛ ነውር ነው፤ ይቀበላቸው።

ሰባተኛ፣ የአነጋገር ክብር። «ስምህን አስገባ» የሚል ቅጽ አይተናል። ይህን የሚያነቡት እናት ወይዘሮ ናቸው፤ ካህን ናቸው፤ የሰባ ዓመት አዛውንት ናቸው። በደጀ ሰላም የማንናገረውን በገጻችን አንናገር። «ስምዎን ይጻፉ» ማለት ክብሩን ይጠብቃል፤ ወንድና ሴትም ሳይለይ ለሁሉም ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው ቁልፍ «ሰብሚት» ከሚል «ምዝገባውን ላክ» ወይም «ይመዝገቡ» ይበል። ከዚያም «ተመዝግበዋል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ በስልክ እንጠራዎታለን» የሚል ማረጋገጫ ይምጣ፤ ይህን ያጣ ሰው ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። ምእመናኑ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ በሚናገሩበት አጥቢያ ቅጹ በዚያ ቋንቋም ይዘጋጅ።

ስምንተኛ፣ የኔትወርክና የገንዘብ ነገር። ትልልቅ ሥዕሎች የተጫኑበት ገጽ የሚከፈተው በምእመኑ ገንዘብ ነው። ገጹ ቀላል ይሁን፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ የተጻፈው በስልኩ ላይ ይቆይ። የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት የምንልክ ከሆነ በሁለት ደቂቃ ጊዜው አይለፍበት፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ ሰው አለና።

ዘጠነኛ፣ አደራ። የሰው ስም፣ ስልክ፣ የልጅ ዕድሜ በእጃችን ሲገባ አደራ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። መረጃው ለምን እንደሚፈለግ፣ ማን እንደሚያየው፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ በሁለት ዐረፍተ ነገር በቅጹ ራስ ላይ ይጻፍ። የተመዝጋቢዎችን ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው በቴሌግራም ቡድን ውስጥ መልቀቅ ይቅር። በሰው ቤት ተቀጥረው በዐረብ አገራት ለሚኖሩ እኅቶቻችን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ስማቸው መታየቱ ችግር ሊያመጣባቸው ይችላል። የማንጠይቀው መረጃ ከእኛ እጅ ሊጠፋ አይችልም፤ ጥያቄ የማሳነስ ሁለተኛው ጥቅም ይህ ነው።

አሥረኛ፣ ወረቀቱና ሰው ይቆዩ። የቱንም ያህል የተስተካከለ ቅጽ ቢሆን ስልክ ለሌለው፣ ማንበብ ለማይችለው አይደርስም። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ታውጆ ሰበካ ጉባኤ ከተደራጀ ጀምሮ ምእመናንን መዝግቦ ማወቅ የአጥቢያው ሥራ ነው፤ ድረ ገጹ ለዚህ ሥራ መሣሪያ ነው እንጂ ተተኪ አይደለም። ስለዚህ በምዝገባ ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጠረጴዛና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ይመደብ። አገልጋዩ ሰውየው የሚለውን ይጽፋል፤ የጻፈውን መልሶ ያነብለታል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይልካል። በሰው ፈንታ መልስ አይፈጥርም፤ የሰማውንም አያወራም። ከወረቀት የመጣው ስም ከድረ ገጹ ስም እኩል ይቆጠር፤ ወረቀቱ እስኪገለበጥ ቦታው በስልክ በተመዘገቡ እንዳይሞላ ድርሻ ይለይለት። ይህን ባለማድረጋችን ነው ቀድሞ ቦታው በፈጣኖቹ የተያዘው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። አጥቢያችሁ የምዝገባ ገጽ ካለው አምስት ሰዎችን ጥሩ፦ አንዲት አረጋዊት እናት፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አሮጌ ስልክ ያለው አንድ ዲያቆን፣ ፊደል ቆጥሮ ትምህርቱን ያቋረጠ አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ወጣት። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስልክ ይሙሉ። እናንተ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ አትርዱ፤ አትናገሩ። የት ቆሙ? የት ወደ ኋላ ተመለሱ? የት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ? ያንን ጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ለባለሙያው ስጡት። ዝምታው ይከብዳል፤ እኛም አስቸግሮናል። የሚያስተምረው ግን እርሱ ነው። ገጽ ገና ልታሠሩ ያሰባችሁ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን አምስት ሰዎች ይለፍ የሚለውን በውሉ ውስጥ አግቡት። ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በር ከማስፋት አስቀድሞ ማስፋት ይቀላል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል። የእኛን ቅጽ አስተካክሎ በእነዚህ ሰዎች ለማስፈተሽ ሦስት ሳምንት ያህል ወስዶብናል፤ በዚያም መካከል «ለጥቂት ሰው ብለን ሁሉን ማዘግየት ይገባልን?» የሚል ጥያቄ ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር። መልሱን ያገኘነው በተከታዩ ምዝገባ ነው። ሣጥኖቹ ስም ማግኘታቸው የጠቀመው ዓይነ ስውሯን ብቻ አልነበረም፤ መነጽራቸውን የረሱትን መምህር፣ ልጅ አዝለው በአንድ እጅ የሚጽፉትን እናት፣ ፀሐይ ላይ የቆመውን ገበሬ ሁሉ ጠቀመ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ እየደወለ «እንዴት ልሙላው?» የሚለው ሰውም ቀነሰ።

እኅታችን በሁለተኛው ዙር ሲመዘገቡ እንደገና አጠገባቸው ተቀምጠን ነበር። ስልካቸው «ሙሉ ስም እስከ አያት» አለ፤ ጻፉ። «ስልክ ቁጥር» አለ፤ ጻፉ። ላኩት። ከዚያም «አለቀ? ይኸው ነው?» ብለው ጠየቁን። አዎ፣ ይኸው ነበር። በመጀመሪያውም ጊዜ እንዲሁ ሊሆን ይገባው ነበር።

እግዚአብሔር አምላካችን በእጃችን ያለውን ሥራ ለሁሉ የሚደርስ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።